መብራታችን ከውሃ ነው ላልከው ወንድሜ፣ ናፍጣውን ረሳኸው

ሰላም ለድሬ ልጆች፣ ለሀረሮችም። ሰሞኑን አንድ ጽሁፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ፣ ሶስት ሰው ነው የላከልኝ። "የመንግስት ቢሮ መብራት ቢያጠፋ አየሩ ይጸዳል እንዴ?" ነው ሚለው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ሀሳቡ ይሄ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከውሃ ስለሆነ ቢሮ ቢቆጥብም ባይቆጥብም ሚቀንስ ጭስ የለም፣ ድሬ ላይ ጭስ ካለም የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ ነው፣ በዚህ ሙቀት ሰራተኛን ኤሲ አጥፋ ማለት ግፍ ነው፣ የግድ ከሆነ ደሞ ጣሪያ ላይ ሶላር ሰቅሎ መኪናውን በኤሌክትሪክ መቀየር ነው በቃ፣ ሚቆጠበው ብርም ለመንግስት ምንም አይደለም፣ ደሞስ የመንግስት ቤት ውስጥ ማን ማንን ሊቆጣጠር ነው ይላል።

እኔ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ድሬ ላይ የመንግስት ህንጻዎች ውስጥ ብሬከር ስቀይር፣ ኤሲ ሳጥብ፣ ጄነሬተር ሳስነሳ ብዙ አመት ሆኖኛል፣ አሁን በግሌ ነው ምሰራው ግን ስራው ያው ነው። ጽሁፉን የጻፍከውን ሰው አላውቅህም፣ አንተ ስልህ አትቀየም፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይበዛም። አንዳንዱ ያልከው ልክ ነው፣ ልክ የሆነውን ልክ ነው እላለሁ፣ ግን ዋናው ሀሳብህ ስህተት ነው ብዬ ስለማምን፣ ሰው ደሞ እየተቀባበለ "እውነቱን እኮ ነው" ሲል ስለሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ውሃውን እንያዘው። አዎ፣ ከ90 ፐርሰንት በላይ የሀገሪቱ መብራት ከግድብ ነው ሚመጣው፣ የቀረውም አብዛኛው ነፋስ ነው። ህዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ደርሷል፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው ቦንድ ገዝቼበታለሁ፣ ኮርቼበታለሁ። ግን አንተ ስታሰላ የቆምከው መብራት ያለ ሰአት ላይ ነው። መብራት ሲሄድስ? ድሬ ላይ ምን ያህል እንደሚሄድ ላንተ አልነግርህም። መብራት በሄደ በደቂቃ ውስጥ የመንግስት ህንጻ ጓሮ ያለው ጄነሬተር ይነሳል፣ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ያ ህንጻ ሚሰራው በናፍጣ ነው እንጂ በአባይ ውሃ አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም እንዴት 2.7 ይሆናል ለምትሉ፣ ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ስለሚጨምር ነው። እና ጄነሬተሩ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚበላ ሚወስነው ቢሮው ምን ያህል ጭነት (ባንድ ጊዜ ሚስበው መብራት) ለምዷል ሚለው ነው። መብራት ባለበት ሰአት "ከውሃ ነው ምን አገባኝ" ብሎ 30 ኤሲ ማብራት የለመደ ቢሮ መብራት ሲሄድም 30ውን ነው ሚያበራው፣ ጄነሬተሩም ሲገዛ ለ30ው ተብሎ ነው የተገዛው።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። አንድ መካከለኛ ኤሲ 1.5 ኪሎዋት ይስባል ብንል 30ው 45 ኪሎዋት ነው። የጣሪያ ፋን ግን 70 ዋት ገደማ ነው፣ 30 ፋን 2 ኪሎዋት ይሆናል። 45 ኪሎዋት ሙሉ ለሙሉ በናፍጣ ሲነዳ በሰአት 13 ሊትር አካባቢ ይበላል፣ ይሄ 35 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ በአንድ ሰአት፣ ባንድ ህንጻ። አሁን ከውሃ ነው ሚለው ነገር የት ገባ?

ያየሁትን ልንገርህ። አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ 60 ኬቪኤ (የጄነሬተር አቅም መለኪያ ነው) ጄነሬተር ነበረው። ከሰአት በኋላ መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ሰርቨሩ፣ አምስት ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ በቃ። ለዛ ሁሉ ተብሎ ያ ትልቅ ማሽን ይነሳል። ናፍጣ ሞተር ደሞ ካቅሙ በጣም ባነሰ ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲሰራ አይሞቅለትም፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጭስ ማውጫው ዘይት ያንጠባጥባል፣ እኔ በአይኔ አይቻለሁ ግድግዳው ጠቁሮ ዝፍት መስሎ። ለሃላፊው ሄጄ ለብቻ የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን እንስራ፣ ሰርቨሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ መብራቱንና ፋኑን በአንድ ቼንጅኦቨር (ከመስመር ወደ ጄነሬተር መቀየሪያ) ላይ እናድርግና ትንሽ ጄነሬተር ይበቃናል አልኩት። የበላይ ቢሮዎቹ ኤሲ ጄነሬተር ላይ ካልገባ አይሆንም ተባልኩ። ሁለት አመት ቆይቶ ሌላ መስሪያ ቤት ያንኑ ሀሳብ ተቀበለኝ፣ ሁለት ቀን ነው የፈጀብን፣ ናፍጣው ከግማሽ በታች ወረደ። ሙቀቱን ሰራተኛው በፋን ቻለው፣ መብራት እስኪመጣ ነው እኮ።

ሌላው ከውሃ ጋር ተያይዞ፣ ውሃውም ቢሆን ሁሌ አለ ማለት አይደለም። ግንቦት 2011ን አትርሳ፣ የጊቤ 3 ግድብ ውሃው ቀንሶ ሀገር መብራት በፈረቃ ነበር፣ ለጎረቤት ሀገር ሚሸጠው ሳይቀር ተነክቷል። ከዛ በፊትም 2001 ላይ ፈረቃ ነበር፣ ያኔ ነው ያ ሃይል ቆጣቢ አምፖል በየቤቱ የታደለው። እና ግድብ በበዛ ቁጥር ይሄ እየቀነሰ ይሄዳል፣ እስማማለሁ። ድሬ ላይ ግን ብዙ ጊዜ መብራት ሚያጠፋብን የውሃ ማነስ አይደለም፣ ሰፈር ውስጥ ያለው መስመርና ትራንስፎርመር ነው ማይችለው። ህዳሴ ቢሞላም ባይሞላም ያ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ያው ነው፣ እዛ ላይ ደሞ ቢሮው ብቻውን አይደለም፣ መኖሪያ ቤት አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔ ነገር ዋናው ይሄ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰአት ድሬ 35 ዲግሪ ስትገባ ቢሮው ሁሉ ኤሲ ይለቃል፣ ያኔ በዛው መስመር ላይ ያለው ቤት ቮልቴጅ ይወርድበታል፣ መብራቱ ይደክማል። 220 መሆን ያለበት 180 ሲደርስ ብዙ ሰው "ትንሽ ቀነሰ" ብሎ ነው ሚያስበው፣ አይደለም። የምጣድ ሃይል ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይወርድም፣ በካሬ ነው ሚወርደው፣ 180 ላይ ምጣዱ ከሙሉ አቅሙ ሁለት ሶስተኛውን ብቻ ነው ሚሰጠው። እናቴ ስንት ቀን "ዛሬ ምጣዱ እንቢ አለ" ብላ ሊጡን ይዛ ወደ እንጨት ሄዳለች። ምጣድ አይደለም እንቢ ያለው፣ መስመሩ ተይዞባት ነው። ያ እንጨት ሲነድ፣ ያ ከሰል ሲጨስ፣ ጭሱን ማን ላይ ነው ምንጽፈው? የክትባት ፍሪጅም እንደዛው ነው፣ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ስታብላይዘሩ ይቆርጠዋል፣ ኮምፕረሰሩም ይቃጠላል፣ ይሄን ስጠግን ኖሬያለሁ። ስለዚህ ቢሮ ሚቆጥባት ኪሎዋት ወደ ሰማይ አትበንም፣ ጎረቤት ጋ ነው ምትሄደው። ከዛ ካለፈም ከዚሁ ከድሬ ማከፋፈያ ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ ሚገባ 230 ኪሎቮልት መስመር አለ፣ ከ2003 ጀምሮ መብራት በዶላር እንሸጥበታለን፣ ነዳጅ ደሞ በዶላር ነው ምንገዛው።

ሲሚንቶውን በተመለከተ ብዙ አልከራከርህም። አዎ ይበልጣል፣ በጣም ይበልጣል፣ የኖራ ድንጋይ ሲጠበስ ካርቦኑን ከውስጡ ነው ሚለቀው፣ ምድጃውን በምንም ብታነደው ያኛው ሚወጣው ይወጣል። ግን የፋብሪካ ምድጃ የፋብሪካው ነው፣ የቢሮው ማብሪያ ማጥፊያ ግን የመንግስት ራሱ እጅ ላይ ነው ያለው፣ ህግ አያስፈልገው ድርድር አያስፈልገው። ደሞ ነገ መንግስት ፋብሪካውን "ቀንስ" ሊለው ነው፣ ያኔ "አንተስ?" ቢባል ምን ሊል ነው? የኢነርጂ አዋጁ 810/2006 እኮ ስለ ሃይል ቁጠባ ይደነግጋል፣ ፋብሪካን ለይቶ ቢሮን አልማረም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። "በድሬ ሙቀት ኤሲ ቅንጦት አይደለም" ብለሃል፣ እኔም ቅንጦት ነው አላልኩም፣ ማንም ሰው በላብ ተዘፍቆ ደብዳቤ ይጻፍ ሚል የለም። ግን ድሬ ኤሲ ሳይፈጠር ነው የተቆረቆረችው። በፈረንጅ 1902 ባቡሩ ሲገባ የተሰሩትን ከዚራ ያሉትን ቤቶችና ቢሮዎች ግባና እያቸው፣ ግድግዳቸው ክንድ ሙሉ ነው፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ ነው፣ ዙሪያቸውን በረንዳ አላቸው፣ መስኮቱ ጸሀይን ከልክሎ አየር ሚያስገባ የእንጨት ነው፣ በሩ ላይ ደሞ የኒም ዛፉ ጥላውን ዘርግቶ አለ። ሰባት ሰአት ላይ ከመንገዱ ወደዛ በረንዳ ስትገባ ሰውነትህ ልዩነቱን ያውቀዋል፣ ምንም ማሽን ሳይበራ። ሀረርም ብትወጣ ጁገል ውስጥ ጌ ጋር (የሀረሪ ባህላዊ ቤት) የገባ ሰው ያውቃል፣ ያ ድንጋይ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ውጭ ያስቀረዋል፣ ሀረር በርግጥ ከኛ ከፍ ያለች ናት አየሯም ቀዝቀዝ ይላል ግን የግድግዳው ስራ ሌላ ነው።

አሁን ምንሰራው ምንድነው? ጂ ፕላስ አራት፣ ፊቱን በሙሉ መስታወት፣ ያውም ወደ ምእራብ ዞሮ። ከዘጠኝ ሰአት በኋላ ያ መስታወት ጸሀዩን ዝም ብሎ ያስገባዋል፣ ውስጥ ገብቶ የሞቀው ደሞ ተመልሶ አይወጣም፣ ከዛ ኤሲ እንጨምራለን፣ ኤሲው የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ይተፋል፣ የውጭ ማሽኖቹ ኮሪደር ላይ ወይ ጠባብ ጓሮ ውስጥ ተደርድረው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይስባል፣ ሁሉም አቅም ያጣሉ። ይሄን ህንጻ ከሰራን በኋላ ድሬ ሞቃት ናት ማለት ለኔ ትክክል አይመስለኝም። መጋረጃ ከውስጥ ማድረግም ያን ያህል አይረዳም፣ ጸሀይዋ መስታወቱን ካለፈች አልፋለች፣ ጥላው ከውጭ ነው መሆን ያለበት፣ የሸራ ጥላም ይሁን የቆርቆሮ ዛፍም ይሁን። ጣሪያውን ነጭ መቀባት ብቻ እንኳን ከላይ ያለውን ፎቅ በግልጽ ይቀይረዋል፣ የአንድ ሳምንት ስራ ነው።

ኤሲውም ካለ ይኑር፣ ግን እንዴት ነው ያለው? ቢሮ ገብቼ ሪሞቱን ሳየው 16 ወይ 18 ላይ ነው። ብዙ ሰው 16 ላይ ሲያደርገው ቶሎ ሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል፣ ተራው ኤሲ እንደዛ አይሰራም፣ 16ም አድርገው 25ም አድርገው ሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ያው ነው፣ 16 ላይ ሚለየው ማይቆም መሆኑ ነው። አንድ ዲግሪ ከፍ ባደረግክ ቁጥር ፍጆታው 6 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ከ18 ወደ 25 ብታመጣው ሲሶውን ቀነስክ ማለት ነው። ከላይ ፋን ካለ ደሞ 26 ላይ ራሱ ሰው ይመቸዋል። ጃፓኖች እንደ ፈረንጅ 2005 ላይ የመንግስት ቢሮ ኤሲ 28 ላይ ይሁን፣ ሰራተኛው ከረባትና ኮት አውልቆ ይምጣ ብለው አወጁ፣ ሚኒስትሮቹ ራሳቸው ሸሚዝ ለብሰው ታዩ። ህንዶች ደሞ ከፈረንጅ 2020 ጀምሮ ኤሲ ከፋብሪካ ሲወጣ 24 ላይ ተደርጎ ይውጣ አሉ። እኛ ጋ ሃላፊው 35 ዲግሪ ውስጥ ሙሉ ሱፍ ለብሶ ይመጣና ለሱፉ ተብሎ ቢሮው በረዶ ይሆናል፣ ጸሀፊዋ ነጠላ ደርባ ነው ምትሰራው። ግፍ ካልክ እሷ ላይ ያለውም ግፍ ነው።

ከዛ ደሞ የምሳ ሰአቱ አለ። ድሬ ከ6 እስከ 9 ሰአት ምን እንደምትመስል ታውቃለህ፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ቤቱ ገብቶ በርጫውን ይይዛል ወይ ይተኛል፣ አባቶቻችን ሙቀቱን ያሸነፉት በሰአት ነው። ቢሮውም ባዶ ነው፣ ኤሲው ግን "ስንመለስ ቀዝቅዞ ይጠብቀን" ተብሎ እንደበራ ይቀራል። እነዛን 30 ኤሲዎች ውሰድ፣ ሶስት ሰአት፣ ኮምፕረሰሩ እየቆመ እየተነሳ ግማሹን ሰአት ብቻ ይስራ ብንል እንኳን 67 ኪሎዋት ሰአት ነው። አንድ ቤት ለአንድ ዙር እንጀራ 5 ኪሎዋት ሰአት ገደማ ይጨርሳል። የ13 ቤት እንጀራ፣ ሰው በሌለበት ክፍል፣ በየቀኑ። በስንት ደቂቃ ነው ሚቀዘቅዘው ብትለኝ ክፍሉ በሩ ከተዘጋ ሩብ ሰአት ይበቃዋል።

አንድ አንተ ጨርሶ ያላነሳኸው ነገር ደሞ አለ፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም፣ የኤሲው ጋዝ። አርማ የሌለው ነጭ ወይ ሮዝ ሲሊንደር ይዞ "ጋዝ ልሙላ" ሚል ልጅ በየአመቱ ይመጣል አይደል? ኤሲ ጋዝ አይጨርስም፣ ነዳጅ አይደለም፣ ጋዝ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ሚያፈስበትን ፈልጎ በመበየድ ፋንታ እላዩ ላይ ይሞላል፣ በሚቀጥለው አመት ደግሞ ያልቃል። አር 410ኤ ሚባለው አንድ ኪሎው አየር ላይ ሲለቀቅ ምድርን በማሞቅ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያክላል። ሁለት ቶን! ወደ 780 ሊትር ናፍጣ ማቃጠል በለው። እና የድሬ ቢሮ ጭስ የለውም ብለሃል፣ ይሄኛው አይታይም አይሸትም እንጂ አለ፣ ከጄነሬተሩም ሊብስ ይችላል። መፍትሄው ደሞ ውድ አይደለም፣ የሳሙና አረፋ ነው መጀመሪያ ሚያስፈልገው፣ ከዛ በያጅ። ለጥገና ክፍያ ሲፈጸም "ሚያፈስበት ቦታ ተገኝቶ ተዘግቷል" ሚል ፊርማ ካልመጣ አይከፈልም ማለት ይበቃል። ማጣሪያውንም በወር አንዴ ማጠብ፣ የኛ ከተማ አቧራ ታውቀዋለህ፣ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ማጽዳት ብቻ ከ5 እስከ 15 ፐርሰንት ሃይል ያድናል።

ሶላር ላይ ልምጣ። እኔ ሶላር እወዳለሁ፣ እተክላለሁም፣ ጸሀይ ደሞ ለድሬ ማን ያስተምራታል። ግን "ሶላር ሰቅሎ መጨረስ" ሚለው ነገር ብዙ ብር አስበልቷል። አንደኛ ባትሪ የሌለው ከመስመር ጋር የተያያዘ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ አያምነኝም፣ ግን የተሰራው እንደዛ ነው፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሚጠግነውን ሰራተኛ እንዳይገድለው ራሱን ይቆርጣል። ስለዚህ ጄነሬተሩን አልተካኸውም። ባትሪ ልጨምር ካልክ ባትሪው በጭነቱ ልክ ነው ሚገዛው፣ ለ45 ኪሎዋት ኤሲ ባትሪ ልግዛ ብትል የህንጻው ጥገና በጀት አይበቃህም፣ ለ5 ኪሎዋት ፋንና ኮምፒውተር ከሆነ ግን በጣም ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሶላር ፓኔል ሙቀት አይወድም፣ በብርሀን ነው ሚሰራው፣ የድሬ ጣሪያ ላይ እኩለ ቀን 60 ዲግሪ ሲያልፍ ከተጻፈበት አቅም ከ10 ፐርሰንት በላይ ያጣል፣ አቧራው ሲደመር ደግሞ ይብሳል፣ ሚያጥበው ሰው በስራ ዝርዝር ላይ ካልተጻፈ በስድስት ወሩ ቡና ቀለም ይሆናል። እና መጀመሪያ ጭነቱን ቀንስ፣ ከዛ ሶላሩን በቀነስከው ልክ ግዛ። ጤና ኬላዎች ላይ ያሉት በቀጥታ በጸሀይ ሚሰሩ የክትባት ፍሪጆች ለምን ተሳኩ? አንድ ስራ፣ የታወቀ ጭነት፣ በልኩ የተገዛ ፓኔል።

መኪናው ላይ አጠር ላድርገው። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ሀገር አይገባም ስለተባለ የመንግስት መኪናም ቀስ እያለ ወደ ኤሌክትሪክ መሄዱ አይቀርም፣ ጥሩ ነው። ግን ኮድ 4 ላንድክሩዘር ለሁለት ሰአት ስብሰባ ከድሬ አዲስ አበባ ሲመላለስ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በመቶው 12 ሊትር ብንል ከ100 ሊትር በላይ ናፍጣ፣ ወደ 300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያውም ከሶስት ቢሮ ሶስት መኪና በተመሳሳይ ቀን ሲወጣ አይቻለሁ። በኤሌክትሪክ ሚሄደው የጅቡቲ ባቡር እኮ በኛው በድሬ በኩል ነው ሚያልፈው።

አሁን ብሩ። "ለመንግስት ምንም አይደለም" ያልከው ላይ በጣም ነው ማልስማማው፣ ግን ለምን እንደዛ እንዳልክ ይገባኛል፣ ምክንያቱም ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው ሚሰማው። ቢሉ ፋይናንስ ጋ ይሄዳል፣ ተከፍሎ ፋይል ይገባል፣ ኤሲውን ሚያበራው ሰው አንዴም አይቶት አያውቅም። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ደሞ አራት አምስት ቢሮ በአንድ ቆጣሪ ነው ሚጠቀመው፣ ማን ስንት እንደጨረሰ ማንም አያውቅም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደሞ ታሪፉ በየሩብ አመቱ እየጨመረ ነው። ከሁሉ ሚብሰው ግን በጀቱ ራሱ ነው፣ ያልተጠቀምክበት ብር ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው አመት ደሞ "ባለፈው አልጨረስክም" ተብሎ ይቀነስብሃል። እንዲህ ሆኖ የትኛው ሃላፊ ነው ሚቆጥበው? የቆጠበ ተቀጣ ማለት ነው። ከቆጠበው ግማሹን ለዛው ቢሮ ለፋን፣ ለጥላ፣ ለጥገና እንዲያውለው ቢፈቀድለት እኔ እምልልሃለሁ ሃላፊው ራሱ ነው ሪሞት ይዞ ሚዞረው።

እና ቢሮ ብቻ አይደለም የመንግስት ስራ ማለት። ውሃውን አስብ። ድሬ ምትጠጣው ከጉድጓድ ነው፣ እንደ ሳቢያን ካሉ ጉድጓዶች፣ ሁሉም በፓምፕ ነው ሚወጣው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት በተለመደ ፓምፕ ግማሽ ኪሎዋት ሰአት ገደማ ይወስዳል። አሁን መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ቀን ሲፈስ ስታይ መብራት እየፈሰሰ እንደሆነ አስበው፣ ከመሬት ስር ተስቦ የወጣ ውሃ ተመልሶ አፈር ውስጥ ነው ሚገባው። የኛ ውሃ ደሞ ታውቀዋለህ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሚሰራው፣ እዛ ፓምፕና ቧንቧ ውስጥም እንደዛው ይጋገራል፣ መተላለፊያው ሲጠብ ያንኑ ውሃ ለማውጣት ሞተሩ የበለጠ ይለፋል። የውሃ ብክነትን የሚጠግን ቡድን እንደ ሃይል ቁጠባ ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም፣ መቆጠር አለበት።

መጨረሻ ላይ "የመንግስት ቤት ውስጥ ማን ማንን ይቆጣጠራል" ብለህ ዘግተኸዋል። ድሮ ስሰራበት የነበረ ቦታ አንድ ጥበቃ ነበሩ፣ አባባ ነበር ምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀርቷቸው። ማንም ሳያዛቸው ሁሌ ስድስት ሰአት ከሩብ ላይ ቁልፋቸውን ይዘው ከላይኛው ፎቅ ይጀምራሉ፣ በየክፍሉ ገብተው ኤሲውን ያጠፋሉ፣ መብራቱን ያጠፋሉ፣ መስኮት ይዘጋሉ፣ ማታም አስራ አንድ ተኩል ላይ ይደግሙታል። አንዴ አንድ ሃላፊ ለምን ክፍሌ ገቡ ብሎ ተቆጣቸው፣ "ልጄ ሰው የለም እኮ ለማን ነው ሚበርደው" አሉት፣ ከዛ ወዲህ ማንም አልተናገራቸውም። ካልኩሌተር አልያዙም፣ ስልጠና አልወሰዱም፣ ፎቁን ለመጨረስ ሀያ ደቂቃ ነበር ሚፈጅባቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላ ለተተኪው ጥበቃ የስራ ዝርዝር ሲጻፍለት እኔ እዛው ነበርኩ፣ ያቺን ዙር አስገቡለት ብዬ ጠየቅኩ፣ የጥበቃ ስራ አይደለም ተባለ፣ የጽዳትም አይደለም ተባለ፣ የጥገናም አይደለም። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ስራ እዛው ግቢ ሄጄ ነበር፣ ሰባት ሰአት ላይ፣ ሶስተኛ ፎቅ ሰው የለም፣ የውጭ ማሽኖቹ በሙሉ ይሰራሉ፣ ውሃው ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል።